ያምራል ማለት ክልክል የሆነበት ክፍል

ስለማያውቁት ነገር አፍ ሞልቶ መናገር በሌላ አገር ድፍረት ይባል ይሆናል፤ እኛ ሆሳዕናዎች ግን ኮሚቴ እንለዋለን። እኔም የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ የተከበርኩ አባል ነኝ። የሚያውቅ ሰው እኮ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያለ ስብሰባ ያስረዝማል። የማያውቅ ግን፣ ተመስገን፣ አጭርና ግልጽ ነው።

ዘንድሮ የተጣለብን ከባድ አጀንዳ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት ነበር። ሰብሳቢያችን አቶ ኤርጃቦ ትምህርቱ ቀርቶ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጥ ባይ ናቸው። «ሥዕል ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ይሳላል፣ ይሰቀላል፣ አለቀ!» ብለው ዘጉት። ለወጉ ያህል ግን አንድ ሰው ገብቶ ይታዘብ ተባለና እኔ ተመረጥኩ። እዚያው ክፍል የምትማረው ልጄ ሳራ ይህን ስትሰማ፣ ትምህርቱን ካስዘጋሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባዬ» ማለቷን ትታ «የኮሚቴው አባል» ብላ እንደምትጠራኝ አስታወቀችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ?

የመምህርቷን ሕግ ከሳራ አፍ አውቀዋለሁ። መምህርት ምሕረት ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሕጋቸው ግን የብረት። በጓደኛው ሥዕል የሳቀ የራሱን ፊት ስሎ ያመጣል። (ከዚያ በኋላ ማን ይስቃል?) ከኢንተርኔት የገለበጠ፣ የገለበጠው እስኪገባው ድረስ በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። ከሁሉ የከበደው ግን «ያምራል» ማለት ክልክል መሆኑ ነው። ያየኸውን ተናገር፣ የት እንዳየኸው በጣትህ አሳይ፣ ከዚያ ወዲያ አስተያየት ካለህ ይሰማልሃል። ይህ ሕግ ቤቴ ድረስ ገብቶ ነበር፤ በቡላና በቅቤ የተሠራው አተካና ይጣፍጣል ባልኩ ቁጥር ሳራ «ምኑ?» ትለኛለች። ምኑ እንደሚጣፍጥ ሳሰላስል አተካናው ይበርዳል።

በቀጠሮው ቀን ሳራ እጄን ይዛ፣ በባጃጅና በጋሪ መሃል እያሻገረች፣ በሰዓቱ አደረሰችኝ። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። መምህርቷ በአክብሮት ወንበር ሰጡኝና ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «ተነሡ፤ ጸጥ እንበል» አሉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኛ ከተማ ውስጥ «ተነሡ፤ ጸጥ እንበል» የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? እኔም ተነሣሁ፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ ተማሪዎቹ ጸለይኩ፤ ስለ ፈተናው ጸለይኩ፤ ከሌሞ እስከ ጃጁራ ስላለው ገብስ ጸለይኩ፤ ጸጥታው ሲረዝምብኝ ስለ አቶ ኤርጃቦ ጉልበት ሕመምም ጨመርኩ። በመጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን!» ስል፣ ልጆቹም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸውና «አሜን!» ብለው አስተጋቡ።

ለካ የተነሡት ፎቶግራፉን በጸጥታ ለማየት ኖሯል።

ሕግ ነውና የሳቀ የለም፤ ጉንጫቸው ግን እንደ እንቁራሪት ተነፍቷል። መምህርት ምሕረት ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «የሳራ አባት፣ እስቲ ምን አዩ?» አሉኝ።

«ያምራል» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ክፍሉ። ከኋላ የአንዲት ልጅ ድምፅ «ምኑ?» አለ። ያሳደግሁት ድምፅ ነበር።

ያኔ ገና ቀና ብዬ አየሁ። የአንድ የገጠር የሣር ቤት ግድግዳ ነው፤ ባለቤቲቱ ለበዓል በቀይ አፈርና በከሰል አስጊጣዋለች። እኔ እኮ ሀቢቾ ገጠር እንዲህ ባለ ቤት ነው ያደግሁት! እንዲህ ያለውን ግድግዳ ለጀርባ ማከኪያነት እንጂ ለሌላ አላውቀውም። አንዱ ልጅ ተነሥቶ፣ ጌጡ ከጉልበት በታች የጠፋው ጥጃ ስለሚታከከው እንደሆነ በጣቱ እያሳየ አስረዳ፤ በልቤ ለጥጃው አዘንኩለት። ሌላዋ መስመሩ በጣት የተሳለ ነው አለች፤ ጥቁሩ እየሳሳ የሚሄድበትን፣ ሴትዮዋ ጣቷን እንደገና ከሰሉ ውስጥ የነከረችበትን ቦታ እየተከተለች አሳየችን። ሥራው ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሄደ፣ የት ላይ እጇ እንደዛለ፣ ሁሉም ታየኝ። መናገር አቃተኝ። ለኮሚቴ አባል ይህ ትልቅ ሕመም ነው።

በስብሰባው ቀን ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ። አቶ ኤርጃቦ ተቆጡ፤ «ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ግድግዳ እንድታይ አይደለም የላክንህ! ግድግዳ እኔም ቤት አለ!» አሉ። ምን ይታይበታል ብዬ በትሕትና ጠየቅኋቸው። «ካላንደር» አሉ። የየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን ማስታወስ አልቻሉም።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማማን፤ ትምህርቱ ይዘጋ የሚል አባል መጀመሪያ ክፍሉ ገብቶ ይየው፣ እስከዚያ ግን ይቀጥል። መምህርት ምሕረትም ደስ እያላቸው ተቀበሉ፤ ማንም በፈለገው ቀን ይምጣ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ግን በሩ ለማንም አይከፈትም አሉ።

አቶ ኤርጃቦ እስካሁን ደጋግመው ሄደዋል፤ ደወሉ ግን ሁልጊዜ ይቀድማቸዋል። ስለ በሩ ጥሩ አስተያየት አላቸው።