ማር በጃንጥላ

ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ ቀርቷል ያላችሁ ማነው? እኛ ቦንጋ ላይ በቴሌግራም ተያይዘነዋል። ጋሽ ገብሬ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር «የማንኪራ ጫካ ማር በጃንጥላ እለውጣለሁ፤ ቤት ድረስ ይምጡ» ብለው ለጠፉ። በሥራ ተመድቤ የመጣሁ፣ ዘመድ የሌለኝ ሰው ነኝና ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ጃንጥላውን እየዘረጉ፣ እያጠፉ፣ የእናቴን ጤና ሳይቀር እየጠየቁ ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። ከበሩ ኋላ ግን ስድስት ጃንጥላ ተሰቅሏል!

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«በነፃ ብሰጥማ ሰው ከደጅ ተቀብሎኝ ይሄዳል» አሉ። «የሚከራከር ነው የሚቀመጠው።»

ማሩን ተቀብዬ ወጣሁ። እኔ እኮ ማር አልወድም። በማግስቱ «ማር በጃንጥላ እለውጣለሁ፤ ቤት ድረስ ይምጡ» ብዬ ለጠፍኩ።

መጀመሪያ ደጄን ያንኳኳው ማን ይመስላችኋል? ጋሽ ገብሬ ናቸው፤ ጃንጥላዬን ሳይዘረጉ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በዝናብ ርሰው።