ለሙቀት የመጡት ወንዶች

ስጦታ አምጥቶ ሸክም ጥሎ የሚሄድ ሰው የሌለበትን ሰፈር እግዜር ገና አልፈጠረም። ድመቱ ስትወልድበት ግልገሎቹን ያድላል፤ ዱባው ሲበዛበት በሰው ደጅ ቆልሎ ይሰወራል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰፈሩ በሙሉ ያማዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ በር ይከፍትለታል። በዚያች የኔብራስካ መንደር ይህ ሹመት የክብርት ወይዘሮ ብላንች ኔሜክ ነበር። የሚያድሉትም ወንድ ጫጩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸደይ ሲገባ መንደሩ ጫጩት በፖስታ ያዝዛል። የሚያዝዘው ሴት ሴቱን ብቻ ነው፤ እንቁላል የምትጥለው እሷ ነቻ። ማስፈልፈያው ግን ሴቶቹን መንገድ ላይ ብርድ እንዳይገድላቸው ብሎ፣ ማንም ያላዘዛቸውን ወንዶች በየሳጥኑ ጣል ጣል ያደርጋል። "ለሙቀት" ይላቸዋል። ለሙቀት! ነፍስ ያለው ፍጥረት እንደ ጭድ መጠቅጠቂያ ይሆንና፣ ሳጥኑ ሲከፈት ሥራው ያበቃል። አንዱ ለአሳማ ይወረውረዋል፤ ሌላው በባልዲ ውሃ ያሰጥመውና እጁን ታጥቦ ቁርሱን ይበላል። ጥፋቱ ወንድ ሆኖ መፈልፈሉ ነው።

ወይዘሮ ብላንች ታዲያ ገና ጎህ ሲቀድ ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ናቸው። ሜርሊን፣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ፣ ለባለ ሳጥኖቹ ይደውላል፦ "ኧረ ቶሎ ኑ! ጩኸቱ ጆሮዬን በጠሰው!" ሰው መጥቶ ሴቶቹን ይለቅማል። ወንዶቹን፣ መንደሩ "ሙቀቶች" የሚላቸውን፣ ወይዘሮ ብላንች በሟች ባላቸው የገለባ ባርኔጣ ተቀብለው ወደ ዕደላ ይሰማራሉ።

ለአባ ሊዮ ኑዛዜ ላይ ሰጧቸው። ኃጢአታቸውን ተናዝዘው ሲጨርሱ በመጋረጃው ሥር አንድ ቢጫ ነገር ሾልኮ ገባ። ለፀጉር አስተካካዩ ሰጡት። የሽማግሌው የክሩፓ ቀብር ላይ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እጅ ሊነሳ በተሰለፈበት፣ ለሚስቲቱ ከጥቁር ቦርሳቸው አውጥተው "ቤቱ ጭር ይልብሻል" አሏት። ያቺ ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው ይባላል።

"ይሄኛው ግን ልዩ ነው" ይላሉ ሁልጊዜ።

"ያለፈውም ልዩ ነበር እኮ፣ እትዬ ብላንች!"

"እሱማ ልዩ ነበር። ይሄ ደግሞ በሌላ በኩል ልዩ ነው።"

እሑድ እሑድ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኮላች የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ሲጋግሩ፣ ሊጡን እየደፈጠጡና መሀሉ የሚገባውን ጣፋጭ መሙያ እየቀመሱ፣ ወሬያቸው ይኸው ነው። "እኔ ላይ ሁለት ጥለውብኝ ሄዱ!" "አንቺ ምን አለብሽ፣ የእኔው ገና ሳይነጋ ይጮኻል፣ ባሌም አብሮ ይጮኻል!" ሁሉም ያማርራል፤ ግን ምሬቱ እንደ ሜዳልያ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ምሬት ነው። ከሁሉ ይልቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታማርረው ደግሞ ቨርላ ሁዜክ ነበረች።

"የእኔን በር ያንኳኩና ያዩኛል!"

አላንኳኩም። አንድ ቀን እንኳ። የቨርላን ቆሽት ያሳረረው ይኸው ነው። የወይዘሮ ብላንች አሮጌ መኪና በመንገዱ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ደጃፍ ይቆማል፤ የቨርላ አጥር ጋ ሲደርስ ግን ቀስ ይልና፣ እንደገና ፍጥነት ጨምሮ ያልፋል። እሷ ከወጥ ቤቱ መስኮት ቆማ ታያለች።

"አለፈች?" ይላታል ባሏ ኤልደን ከጋዜጣው ሥር።

"ምኗ?"

"መኪናዋ ነቻ። ቆመሽ የምታያት።"

"እኔ እቃ እያጠብኩ ነው!"

"እቃው እኮ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው።"

ቨርላ ግቢዋን ጠረገች። የአጥሩን በር በርግዳ ከፈተች። የጋገረችው ሽታው መንገድ ድረስ እንዲወጣ መስኮቱን ገርበብ አደረገች። መኪናዋ አለፈችና ጎረቤቷ ሩዲ ዘንድ ቆመች። ሩዲ! ላባ ሲያሸት ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለው ሩዲ! እያነጠሰና እንባው እየፈሰሰ፣ ጫጩቱን በሸሚዙ ሸፍኖ ሲገባ ስታየው፣ ቨርላ መስኮቱን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ወንድ ጫጩት እንኳ የማይጣልባት፣ እንደ ባዶ ቤት የምትታለፍ፣ እሷ ብቻ ናት ማለት ነው?

በማግስቱ የራሷን ሳጥን አዘዘች።

"እንቁላል እኮ አትወጂም" አለ ኤልደን።

"መውደድ እችላለሁ!"

ሳጥኑ የደረሰ ዕለት ፖስታ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ብላንች እንዳዩዋት ባርኔጣውን ከኋላቸው ሸሸጉ።

"ምን ደብቀው ነው፣ እትዬ ብላንች?"

"ምንም።"

ምንም የተባለው ከባርኔጣው ውስጥ ጮኸ።

"ለአባ ሊዮ ሰጡ" አለች ቨርላ። "ላባ ለሚያሳምመው ለሩዲ ሰጡ። ቀብር ላይ ሳይቀር ሰጡ! እኔ ምን በድዬዎት ነው?"

ሜርሊን ማኅተሙን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

"አንቺንማ እፈራሻለሁ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ብላንች። "አምና አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደብሽ፣ 'አስፈልፋዩም፣ አዛዡም፣ አዳዩም ወንጀለኛ ነው!' አልሽ። አዳዩ ማነው? እኔ ነኛ። የጎረስኩት ኮላች ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደጅሽ ስደርስ እግሬ ነዳጁን ይረግጠዋል።"

ቨርላ የተናገረችው እውነት ነበር፤ አሁንም እውነት ነው። ግን እሷ እውነቱን ተናግራ ስትጨርስ፣ ጭብጨባው ሲያልቅ፣ ከባልዲው አፍ ላይ ጫጩቶቹን የለቀመው ማነው? በጉባኤ የጮኸ ሁሉ አንድ እንኳ ወስዷል? የራሷን ሳጥን ከፈተች። ከሴቶቹ መሀል ያልታዘዙት ወንዶች፣ ወይዘሮ ብላንች ይቀበሉኝ ይሆናል ብላ ሌሊቱን ያለመችባቸው፣ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ያምጡ" አለች።

"ምኑን?"

"ባርኔጣውን ነዋ!"

"የራስሽም አሉ እኮ፣ ልጄ…"

"እኔ መቁጠር ያቃተኝ መሰልዎት? እዚህ ላይ ይገልብጡት!"

ወይዘሮ ብላንች ገለበጡት። ቨርላ ካፖርቷን አውልቃ ሳጥኑ ላይ ደረበች፤ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተች። ወይዘሮ ብላንች ባዶ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ሁለተኛ አጥሬ አጠገብ እንዳላይዎት!" ብላ ጮኸችባቸውና ነዳችው።

መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ እየነዳች ተመለሰችና መስታወቱን አወረደች።

"ከመጡም" አለች፣ ፊት ፊቱን እያየች፣ "ከሰዓት ይምጡ። ጠዋት ጠዋት ቤት አልገኝም፤ እዚሁ ፖስታ ቤት ነኝ።"