ክብርት ጎረቤትና የብስክሌቱ ኮርቻ

«የማውቃት አንዲት ሴት አለች» የምትል ጎረቤት የሌላት ሴት በዓለም ላይ የለችም። ወተት ስታፈዪ ካየችሽ፣ የምታውቃት ሴት ወተት ስታፈላ መጋረጃዋ ተቃጥሏል። ፀጉርሽን ታጥበሽ ብቅ ካልሽ፣ የምታውቃት ሴት ፀጉሯን ታጥባ ወጥታ አንገቷ አልዞር ብሎ ቀርቷል። ያቺ ምስኪን አሳንሰር ተቆልፎባታል፣ የዓሣ አጥንት አንቋታል፣ ከመሰላል ወድቃለች፤ እስካሁን መኖሯን ስታስቢው ሐኪሞች ተሰብስበው ሊያጠኗት የሚገባ ፍጡር ናት።

የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ በልቧ «ክብርት ጎረቤት» ትላቸዋለች፤ በአፏ ግን «እትዬ» ናቸው። ክብርትነታቸው ሳያንኳኩ ይገባሉ። «አልቀመጥም፣ ለአንድ አፍታ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ከዚያ የወንበሩ ጫፍ ላይ በአንድ ጎናቸው ጣል ብለው እስከ ምሳ ድረስ ያወራሉ። ወንበር ሞልተው ሲቀመጡ ያያቸው ሰው የለም። «ሴትዮዋ ወፍ ናቸው፤ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚያርፉት» ይላል የልብስ ሰፊዋ ባል።

በዚያ ሰሞን ዘመቻቸው ብስክሌቱ ላይ ነበር።

ብስክሌቱ ደረጃው ሥር ቆሟል፤ ሰማያዊ ነው፣ አቧራ ጠጥቶ ግራጫ እየሆነ የሄደ ሰማያዊ። ሁለተኛዋ ልጇ ከመወለዷ በፊት ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው በወንዙ ዳር መንገድ ወደ ስፌት ቤቱ ትነዳው ነበር። ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ሳይነሳ፣ ዛፎቹ እስከ ግማሻቸው ብቻ እየታዩ፣ ጎማው እርጥብ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ድምፁ የስፌት መኪና ስስ ጨርቅ ላይ ሲያልፍ እንደሚሰማው ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ የምትሄደው እሷ አይመስላትም፤ መንገዱ ራሱ ከሥሯ እየተተረተረ የሚመጣ ይመስላታል። ቀኑን ሙሉ ስሟን የማይጠራ ሰው የለም፤ እዚያ ግን የሚጠራት አልነበረም።

ከወለደች በኋላ ታችዋ ከበዳት። ልጅ ይዛ ብዙ ከቆመች የሆነ ነገር ቁልቁል ይጎትታታል። ሐኪም ቤት ሄዳ ተመረመረች፤ ማህፀኗ ከቦታው ዝቅ ብሏል፣ ብዙ ወላዶች ላይ ይደርሳል አሏት። ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኳት። ለባሏ እንኳን በደንብ ያልነገረችውን ለባለሙያዋ ነገረቻት፦ «ስቀመጥ እንቁላል ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።» ቀጥላም የልቧን ጠየቀች፦

«ብስክሌት መንዳት እችላለሁ?»

ባለሙያዋ ሳቀች። «ትችያለሽ። ብስክሌቱን ግን ላንቺ እናስተካክለዋለን።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው በእግሯ ይሁን በአየር አታስታውሰውም። ክብርት ጎረቤት ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው ይጠብቋት ነበር።

«የማውቃት አንዲት ሴት አለች። ወልዳ፣ ብስክሌት ነድታ...»

«ምን ሆነች እትዬ?»

«ተዪኝ። ብነግርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

«እንግዲያው አይንገሩኝ።»

«ካልሽማ ልንገርሽ!» ብለው ጀመሩ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ባልየው አዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? ሚስት ይሻልሃል ወይስ ብረት?»

ባልየው ሰላም ወዳድ ነው፤ ሰላም ሲባል ደግሞ ክብርት ጎረቤት ዝም የሚሉበት ሰዓት ማለት ነው። ብስክሌቱን ቅዳሜ ወንድሙ መጥቶ እንዲወስደው ደወለለት።

«ለጊዜው ነው» አላት።

«የወንድምህ ጊዜ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ መሰላላችንንም ለጊዜው ነው የወሰደው። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት እሞክረዋለሁ። ከተመቸኝ ይቀራል፣ ካልተመቸኝ ይሂድ።»

ይህን የሰሙት ክብርት ጎረቤት በማግስቱ ትንሽ ትራስ አቅፈው መጡ። በገዛ እጃቸው የሞሉት፣ እንደ እርጉዝ ድመት የተነፋ ትራስ። «ባትሰሚኝ እንኳን በዚህ ላይ ተቀመጪ። የማውቃት ሴት ይሄ ቢኖራት ኖሮ!» ልብስ ሰፊዋም ለስላሳ ነገር መቼም ክፉ አያደርግም ብላ ኮርቻው ላይ አሰረችው። ግቢውን ዞራ ሳትጨርስ ትራሱ ውስጥ ሰመጠች። ጎንና ጎኑ ሲረግብ መሃሉ ወደ ላይ ገፋት፤ ያ ክብደት ተመልሶ መጣ። በሩ ጋ ወረደች።

«አላልኩሽም?» አሉ ክብርት ጎረቤት። ነገር ግን ድምፃቸው ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ኮርኒሱ ላይ የውሃ እድፍ አለ፤ ስታየው ስታየው ወንዝ ሆነ፣ ከወንዙ ዳር መንገድ ወጣ። ክብደቱ ሲለቃት ተነስታ ለባለሙያዋ ደወለች።

«ሰመጥሻ!» አለቻት። «በጣም ለስላሳ ሲሆን መሃሉ ነው የሚገፋሽ። ጠንከር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ፈልጊ። የሚሸከምሽ የመቀመጫ አጥንትሽ ይሁን።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዘጋች፣ መቀሷን አነሳች፣ ትራሱን ጠረጴዛ ላይ አጋደመች። ጥቅጥቅ ካለ ስፖንጅ ሁለት ቁራጭ ልታወጣ፣ ሽፋኑን ከትራሱ ጨርቅ ልትሰፋ ነው። ክብርት ጎረቤት የገቡት መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ነበር።

«ትራሴን! አንቺ ልጅ፣ ምን በደለሽ?»

«ቁጭ ይበሉ እትዬ፣ ልንገርዎት።»

እየቆረጠች ነገረቻቸው። መሪው ከፍ ይላል፣ ቀና ብላ እንድትቀመጥ። የኮርቻው አፍንጫ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከመውጣቷ በፊት ሽንቷን ትሸናለች። ዳገት ላይ በቀላል ማርሽ፣ ፔዳል ላይ ሳትቆም፣ ትንፋሿን ሳትይዝ ወደ ውጭ እያወጣች። ከከበዳት ወርዳ ትገፋዋለች፤ መግፋት ነውር የለውም። ጉድጓዱን ትዞረዋለች። በየቀኑ ደግሞ ታችን የሚይዙትን ጡንቻዎች ሰብሰብ፣ ለቀቅ ማድረግ አለ።

ክብርት ጎረቤት አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። ይህ በሰፈሩ ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

«ያቺ የማውቃት ሴት» አሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ እያሽከረከሩ፣ «እሷም ስትቀመጥ እንቁላል ላይ የተቀመጠች ነው የሚመስላት።»

መቀሱ ቆመ። ስለ እንቁላሉ ልብስ ሰፊዋ ለእሳቸው ነግራቸው አታውቅም።

«ከጀመራት ቆየ?»

«ልጇን ከወለደች ጀምሮ። ልጁ አሁን ሸብቷል።»

«ሐኪምስ?»

«አፈረች።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሁሌም እንደሚሆኑት፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ጎናቸው። በዚያች ቅጽበት ስንት ዓመት ወፍ ያሏቸው ሴትዮ በዓይኗ ፊት ሌላ ሰው ሆኑ። ዓይኗን ወደ ጨርቁ መልሳ መቁረጧን ቀጠለች።

«ይንገሯት እንግዲህ። ቀለበት የመሰለች ደጋፊ አለች፤ ውስጥ ሆና ማህፀንን ወደ ላይ የምትይዝ። እኔም አለችኝ። ባለሙያዋ ለክታ ነው የምትሰጠው። እንቁላሉ ይቀልላታል።»

«በዚህ ዕድሜዋ?»

«በዚህ ዕድሜዋ። ከፈራች አብሬያት እሄዳለሁ።»

ክብርት ጎረቤት ቀና አሉ። «ምን ያስፈራታል? ጀግና ሴት ናት እኮ!» ከዚያ ጎንበስ ብለው ስፖንጁ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ወደ ኋላ ጨምሪ። ክፍተቱ እዚህ ድረስ ይምጣ። ... እንዲህ ነው ትለኝ የነበረው።»

ቅዳሜ ማለዳ ልብስ ሰፊዋ ወጣች። ጉሙ እዚያው ውሃው ላይ ነበር፤ እስክትመለስ የጠበቃት ይመስል። አጥንቷ በሁለቱ ቁራጮች ላይ አረፈ፣ መሃሉ አየር ሆነ። መሪው ከፍ ስላለ ወንዙን ከዚህ በፊት ባላየችው ከፍታ አየችው። ዳገቱ ላይ ትንፋሿን እያወጣች ወጣች፤ ግማሹ ላይ ከበድ ሲላት ወርዳ ገፋች። ከዳገቱ ማዶ መንገዱ ቁልቁል ተዘረጋ፤ እግሯን አሳርፋ ለቀቀችው፤ ጎማው ስስ ጨርቁን መስፋት ጀመረ።

ስትመለስ የባሏ ወንድም በሩ ጋ ቆሟል። ባልየው ጉንጯን አየ፣ ዓይኗን አየ። «ብስክሌቱ ሥራ ይዟል» አለው ለወንድሙ። «ሻይ ጠጥተህ ሂድ። መሰላሉንም መልስ።»

ወንዶቹ ሲገቡ ክብርት ጎረቤት ግቢው ውስጥ ቀሩ። ኮርቻውን ዳሰሱት፣ ነካ ነካ አደረጉት፣ ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

«ያዢልኝ እስኪ። ለዚያች ሴት ልለካላት ነው።»

ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዝቅተኛውን ብረት ተሻገሩ፣ ቀስ ብለው ኮርቻው ላይ አረፉ። በአንድ ጎን አይደለም፤ ሞልተው። ሁለት እግራቸው መሬት ላይ ነው፣ ብስክሌቱ ንቅንቅ አላለም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ንፋስ ያለ ይመስል የተበተነ ፀጉራቸውን ከግንባራቸው ጠረጉ።

«እትዬ፣ ተመቸዎት?»

«ዝም በዪ አንቺ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው እያወጡ፤ «ገና ዳገቱን እየወጣሁ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እስኪደርሱ ድረስ መሪውን አጥብቃ ያዘችላቸው።