ወልደየስ በምግብ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ፀሐይ ያቆሙበት ዘመቻ

ወኮነ በ፳፻፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አዲሱ የከተማ ባቡር በባሕር ማዶ፣ አውሮራ የተባለችውን ከተማ ባቋረጠ በመጀመሪያው ጸደይ፣ የሞንትቤሎው ሰፈር ቤት የኪራይ ውል ለሦስተኛ ጊዜ በታደሰበት ዘመን፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ የኮሜርስ ሲቲው መጋዘን የዕቃ ማንሻ (ፎርክሊፍት) ነጂ፣ ሙጫ ከሱሪያቸው የማይታጣ፣ ሥዩመ ጠረጴዛ ወልደየስ፣ ርዝመቷ ከክንድ የማትበልጥ ሞዴል ባቡር እውነተኛ አስመስለው ፎቶ ያነሡ ዘንድ በልባቸው ቆረጡ። ይህን ገድል የሚጽፍ ጸሐፌ ትእዛዝ ቢፈለግ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነውና የሚመጣ ጠፋ። ስለዚህ ራሳቸው ወልደየስ ጻፉት፤ ማለትም እኔ ጻፍኩት። እንግዲህ «እሳቸው» እያልኩ የማከብረው ራሴን መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ሌላ የሚያከብረኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

የጦርነቱ ምክንያት እነሆ። የጌታችን የወልደየስ ባለቤት እቴጌ ጽጌረዳ (እሷን «እሳቸው» ብላት ትስቅብኛለችና «እሷ» እላታለሁ) አስቀድሞ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ዐሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስን የነዳች፣ የሚለፈልፈውን ሰካራም በመስታወት አይታ ብቻ ዝም የምታሰኝ፣ ኋላም ፈተናውን በአንድ ጊዜ አልፋ እውነተኛውን ባቡር የጨበጠች ናት። አዲሱ ሐዲድ በተመረቀ ቀን ጌታችን ጣቢያው ላይ ቆመው፣ ከሕዝቡ ሁሉ ተለይተው፣ ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ ቢጠሯት፣ ደንብ ነውና ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሣ አለፈች። ወልደየስም በሚስታቸው ኮርተው እንባቸው መጣ፤ ነፋስ ነው አሉ። ከዚያም ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ቀለሟ የተላጠ ሞዴል ባቡር ገዝተው፣ ነጭ ቀብተው፣ የእሷን ባቡር አስመስለው በምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። ጣቢያውን ከጫማ ካርቶን፣ ጠጠሩን በወንፊት ከተነፋ የጓሮ አሸዋ፣ ተሳፋሪዎቹን ከጥቁር ወረቀት ቆርጠው ሠሩ፤ ለውስጧም ከገና ዛፍ መብራት አንዲት ፍሬ ነቅለው አበሩላት። ባልና ሚስቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮአቸውን ሶፋ ላይ፣ ሳህኑን በጉልበታቸው ይዘው ይበሉ ጀመር።

ጌታችን በስልካቸው የመጀመሪያውን ፎቶ አንሥተው ባሳዩአት ጊዜ፣ እቴጌይቱ ከሥራ እንደገባች ጫማዋን እያወለቀች፣ በአንድ ዓይኗ ገርመም አድርጋ «ጎሽ፣ ቆንጆ መጫወቻ» አለች። ይህ ቃል ከስድብ ሁሉ ይልቅ አንጀታቸውን አቃጠለው። ፊታቸው መጥቆሩን አይታም ይህን አዋጅ አስነገረች፦

«ስማ ወልደየስ! ለፋሲካ የማኅበር ሰው ይመጣል፣ ጠረጴዛው ይፈለጋል። እስከ ጸሎተ ሐሙስ አንድ ፎቶ አንሥተህ፣ እኔን፣ ቀን ሙሉ ባቡር ላይ የምውለውን ሴትዮ፣ እውነተኛ ባቡር ናት ካሰኘኸኝ ጠረጴዛው ያንተ ነው፤ እንግዳውን መሬት አስቀምጬ አበላለሁ። ካቃተህ ግን ጠቅልለህ ቤዝመንት ታወርዳታለህ። በቃ!»

ጠረጴዛው እንኳ ሰበብ ነው፣ አንባቢ ሆይ። ሚስትህ ሙሉ ባቡር ሕዝብ ይዛ ስትመላለስ ውላ ማታ ስትገባ፣ አንተ ከአንዲት ፕላስቲክ ፊት ተንበርክከህ ስታገኝህ ምን እንደሚሰማህ አላውቅም፤ እኔን ያሳፍረኛል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሠራሁት ነገር ፊት እውነት መስሏት እንድትቆም ፈለግሁ። ወደ «እሳቸው» እንመለስ።

ከዚህ በኋላ ክተት ታወጀ፤ ነገር ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበርና ሠራዊቱ ከጓዳ ተመለመለ። የጠረጴዛ ጠርዝ ነክሶ የሚይዘው ሃሎጅን መብራት በቀኝ በኩል ተሰለፈና ቀኛዝማች ተባለ። ጎረቤት አሮጌ ዕቃውን በግቢው ከሚሸጥበት ያርድ ሴል የመጣው፣ አንገቱ የማይጸናው የንባብ መብራት በግራ ቆሞ ግራዝማች ሆነ። እቴጌይቱ የምትኳልበት የመስታወት መብራት በድብቅ ተወስዶ የፊታውራሪነት ማዕረግ አገኘ። ከኋላቸውም ብርሃን የሚያለዝበው የመጋገሪያ ወረቀት፣ ከመጋዘኑ ቆሻሻ መጣያ የተነሣው ነጭ የማሸጊያ ፎም፣ ሰማይ ሊሆን የተሾመው ሰማያዊ አንሶላ፣ የካሜራ መቀመጫ የሆነው የምስር ከረጢት፣ እነዚህ ሁሉ በየሰልፋቸው ቆሙ። ከሰው ወገን የተከተለ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በኢስት ኮልፋክስ የስልክ ጥገና ሱቅ ያለው፣ ባለቤቱ ተመልሶ ያልመጣ አሮጌ ካሜራ ይዞ የዘመተ፣ የጌታችን የልጅነት ወዳጅ ሐሚድ ነው። ሊቀ መኳስነት ተሰጠው፤ ይህም በንጉሥ ፈንታ ጥይት የሚቀበል ማለት ነው። ሐሚድ ማዕረጉን ሲሰማ ሻይ ይቅረብልኝ ብቻ አለ።

በመጀመሪያው ውጊያ ሦስቱም መኳንንት በአንድነት ነደዱ። ጌታችን ብርሃን ከበዛ እውነትም የሚበዛ መስሏቸው ነበር። ፎቶው ለእቴጌይቱ ቢቀርብ ይህ አዋጅ ወጣ፦

«ወልዴ፣ አውሮራ ላይ ሁለት ፀሐይ የወጣው መቼ ነው? ለአንድ ምሰሶ ሁለት ጥላ! ያውም በዚህ በኩል ቢጫ፣ በዚያ በኩል ነጭ! ደግሞ ከላይ ሆነህ የምታነሣው ሄሊኮፕተር አለህ እንዴ? ሰማይህም ካውያ ይፈልጋል።»

በዚያች ሰዓት ግራዝማችና ፊታውራሪ ከማዕረጋቸው ተሻሩ፤ ፊታውራሪም ወደ መኳያው ጠረጴዛ በውርደት ተመለሰ። ጌታችንም በባቡር አገር አንዲት ፀሐይ እንጂ ሁለት እንዳትኖር ደነገጉ። ቀኛዝማችን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስረው ከፍ አደረጉት፤ ከፊቱ የመጋገሪያውን ወረቀት ሰቀሉ፤ በግራ በኩል ሐሚድ ነጩን ፎም ይዞ ቆሞ የጥላውን ጽልመት በተውሶ ብርሃን አሳሳ። ካሜራውም ዝቅ ብሎ፣ ምስሩ ተደልድሎ፣ ጣቢያው ላይ የቆመ ጥፍር የምታክል ሰው ዓይን ባለበት ከፍታ ተቀመጠ። ከዚያ ጌታችን አንሶላውን አውርደው ሰማይን በካውያ ተኮሱ። የእንፋሎት ካውያው ውኃ ስለሚያንጠባጥብ በምሥራቅ በኩል ደመና መሳይ ነገር ቀረ፤ ደስ አላቸውና ተዉት።

አሁንም ግን የባቡሩ አፍንጫ ጥርት ሲል ጅራቱ ጭጋግ ይሆን ነበር፤ ጅራቱ ሲጠራም አፍንጫው ይጠፋል። ሊቀ መኳስ ሐሚድ በዚህ ጊዜ ምክር አቀረበ፤ ካሜራው ዓይኑን እጅግ ሲያጠብ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል፣ ነገር ግን በጠባብ ዓይን ብርሃን ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታልና እስኪጨርስ በቤቱ ውስጥ አንዳች ነገር መነቃነቅ የለበትም። ምክሩ መልካም ነበረ። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጌታችን ሐዲዱ አዲስ መስሎ እንዳይታይ ዝገት ሊቀቡት ወደዱ። በሱቅ የሚሸጠው የዝገት ዱቄት ውድ ነው። ጓዳ ገብተው ዙሪያውን ቢያዩ፣ የጽጌረዳ አክስት ከብዙ ልመና በኋላ የላከችው በርበሬ በማሰሮ ተቀምጧል። በማንኪያ ዘግነው በመኳኳያ ብሩሽ ሐዲዱን ዳር ለዳር ነሰነሱት። እግዚኦ፣ እንዴት ያለ ዝገት ነበር! አንድ ነገር ብቻ ዘነጉ፤ ቀኛዝማች ሃሎጅን ነው፣ ሃሎጅን ደግሞ ምድጃ ነው። ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ብርሃን መሰብሰብ ሲጀምር በርበሬው በሐዲዱ ላይ መቆላት ጀመረ። ሊቀ መኳስ ሐሚድ ፎሙን እንደያዘ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቻለ፤ ቻለ፤ አልቻለም። ሲያስነጥስ ፎሙ መጥረጊያውን መታ፣ መጥረጊያው አንሶላውን ጎተተ፣ ሰማይም በባቡሩ ላይ ወደቀ። ሐሚድ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ጌታችን ይማርህ ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸውም ተከተሉ፤ ሁለቱ ሰዎች በየተራ እየተማማሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ።

ዝገቱ ይነሣ ቢባል ግን ወልደየስ እምቢ አሉ፤ ከዚያ ያማረ ዝገት በዕድሜያቸው አላዩምና። ስለዚህ ዝገቱ ይቀመጥ፣ ሰዎቹ ይሂዱ ተባለ። ፎሙ በወንበር ተደገፈ፣ ሰማዩ በልብስ መቆንጠጫ ተያዘ፣ ካሜራው ራሱ ቆጥሮ ራሱ እንዲያነሣ ታዘዘ። ጌታችን ወደ አየር ማረፊያው የሚያልፈው አውሮፕላን መስኮቱን አንቀጥቅጦ እስኪሄድ ታገሡ፤ ከዚያም ቁልፏን ተጭነው፣ በካልሲ፣ በጣታቸው ጫፍ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ ጓሮ ሸሹ፤ ሊቀ መኳሱም ቀድሟቸው ሸሸ። ጦር ሜዳውን ለቅቆ በመሮጥ ድል ያደረገ አለቃ በዓለም ላይ ብዙ ያለ አይመስለኝም። የጎረቤት ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያያቸው አልጮኸም፤ ያዘነላቸው ይመስላል።

ተመልሰው ፎቶውን ከፈቱ። ባቡሯ በከሰዓት ፀሐይ ቆማለች፤ ጥላዋ አንድ ነው፤ በመስኮቶቿ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላዋ ሰማዩ ሩቅ ነው። ሐሚድ ፎቶውን ወደ ስልኩ ገልብጦ፣ ማን እንዳነሣው፣ የት እንደተነሣ አንድም ቃል ሳይጨምር፣ በቫይበር ለእቴጌይቱ ላከው። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። ብዙም ሳይቆይ የድምፅ መልእክት መጣና በቤቱ መካከል ተሰማ፦

«ሐሚድ፣ ይሄን መቼ ነው ያነሣኸው? አሁን ነው? ፒዮሪያ ጣቢያ ነው አይደል? ወይኔ ጉዴ! ሰው ተጭኗል፣ መብራት በርቷል፣ የነጂው በር ወለል ብሏል፣ ኦፕሬተሩ የለም! የት ገባ ይሄ ሰው? ስማኝ፣ ለማንም እንዳትልከው፣ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣው፤ ይባረራል። አዲስ ልጅ መሆን አለበት፣ ምናልባት የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። እኔ ምሳ ብሬክ ላይ ነኝ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሳያየው ኮንትሮል ክፍል ለምትሠራው ጓደኛዬ ደውዬ በዘዴ እንዲፈለግ አደርጋለሁ።»

እውነቱ እንዲህ ነበር። የጥፍር ቁመት ያለው ፕላስቲክ ኦፕሬተር ለብቻው ስለሚሸጥ በጀት አልደረሰለትም፤ የነጂው ክፍል በርም ሲለጠፍ ተሰብሮ የትም ገብቷል። ወልደየስ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች ማንም አያያቸውም ብለው ነበር። ድሉን ሲሰሙ ከሐሚድ ጋር ተቃቅፈው ዘለሉ፣ ምስሩም ተደፋ። የመልእክቱ መጨረሻ በጆሯቸው ሲመለስ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ከደወለች የኮንትሮሏ ጓደኛዋ ፍለጋ ታዛለች፣ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ፒዮሪያ ላይ የሌለ ባቡር ይፈልጋል፣ ኋላም ጽጌረዳ የባሏን መጫወቻ ሪፖርት ያደረገች ኦፕሬተር ተብላ መሳቂያ ትሆናለች። አክሊሉን ገና በራሴ ላይ ማድረጌ ነበር። አንድ ደቂቃ ይዤው ብቆይ እንዴት ደስ ባለኝ! ስልኩን ከሐሚድ እጅ ነጥቄ ደወልኩና፣ ስታነሣው ሰላምታም ሳላስቀድም ይህን አወጅኩ፦

«ጽጌዬ፣ እንዳትደውዪ! ባቡሩ እኛ ቤት ነው! ጠረጴዛው ላይ ነው! የሚባረር ሰው የለም፣ ሰውየውም የለም!»

ወዲያ ማዶ ስልኩ ተዘጋ፣ ሐሚድም ሱቅ አለኝ ብሎ ወጣ።

እቴጌይቱ ማምሻውን ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገባች። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጥላ ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ጫፉን ይዛ ተንበረከከች፤ ዓይኗን በሐዲዱ ልክ ዝቅ አድርጋ ባዶውን የነጂ ክፍል ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ወልደየስ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ ቅጣታቸውን ይጠባበቁ ነበር። በመጨረሻም ፊቷን ሳታዞር አዋጇን ነገረች፦

«ጠረጴዛው ያንተ ነው፤ ቃሌ ቃል ነው፣ እንግዳው መሬት ይቀመጣል። ለዚያ ሰውዬ ግን ስንት ነገር አሰብኩለት መሰለህ! ምን ብዬ እንደማድነው ሁሉ በልቤ ጨርሼ ነበር። ስለዚህ ስማኝ፤ እኔ ባለሁበት ቤት ሰው የጫነ ባቡር ያለ ኦፕሬተር አያድርም። በሩን ሠርተህ ለጥፍ። ከዚያ እኔን ሥራኝና አስቀምጠኝ። ዩኒፎርሜ ይመር። ደግሞ እንዳታወፍረኝ!»

በዚያኑ ምሽት ጌታችን ከጥርስ መፋቂያ ስባሪ ሚስታቸውን ቀረጹ፤ እሷም አጠገባቸው ቆማ ትከሻዬ ሰፋ፣ አንገቴ አጠረ እያለች ትእዛዝ ሰጠች። ሲጨርሱ በገዛ እጇ አንሥታ በቦታዋ አስቀመጠቻት።

እንግዲህ ስብሐት ይድረሳት ለእቴጌ ጽጌረዳ፣ ለዐሥራ አምስት ቁጥር ድል አድራጊ፣ ለሐዲድ እመቤት፣ ያልተፈጠረ ሰው ከእንጀራው እንዳይነሣ ምሳዋን ትታ ለተጨነቀች! ዕድሜዋ ይርዘም፣ መንገዷ ይቅና፣ የምትሻው መብራት ሁሉ አረንጓዴ ይሁን። ባሏም፣ ለሌለ ሰው ይህን ያህል የምታዝን ሴት ለእኔ ምን ያህል አዝና ይሆን እያለ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሲያስበው ይኑር።