ሙሴ ኦኔዚም ያላረሙት ሥዕል

በዓለም ላይ ያለ የሥዕል ቤት ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፤ ሲጥ ሲጥ የሚል ወለልና ሥዕል የሚያርም ሽማግሌ። የእኛ ወለል ደህና ነው። ሽማግሌያችን ግን ሙሴ ኦኔዚም፣ በእኛ አፍ አቶ ኦኔዚም፣ ናቸው።

በካናዳ፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሿ የሥዕል ቤታችን አሥራ ሁለት ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ። እኔ ክቡር ሊቀ ሊቃውንት የምላቸው ኦኔዚም፣ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በሩ ሲከፈት ቆባቸውን አውልቀው ይገቡና የጥንቶቹን ሠዓሊዎች ለፍርድ ያቆማሉ።

"ይሄ ሰውዬ እጁ ደህና ነው፤ እግሩ ግን ከምድጃ ዳር አልተነሣም።"

በሥዕሉ ላይ ያለው ማገዶ ቅርፊቱ ወደ ታች ከተከመረ፣ "እንዲህ የከመረ ሰው ጭስ ሲበላ ነው የሚከርመው!" የበረዶ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ቃጭል ከሌለውማ አለቀ። "ድምፁን አጥፍቶ መጥቶ ሊገጨን ነው? በእኛ ጊዜ እኮ ይሄ ያስቀጣ ነበር፣ ልጄ!" አንዴ ከሞንትሪያል የመጡ አዲስ ተጋቢዎች የአንድ የላም ሥዕል ብርሃን ሲያደንቁ ሰምተው የላሟን ጡት አስቆጥረዋቸዋል። አምስት ሆነ።

ዝም የሚሉት አንድ ሥዕል ፊት ብቻ ነው። ነጭ በረዶ፣ በላዩ የተሰለፉ ትንንሽ ጥዶች፤ መሐል ላይ ሰልፉ ወደ ግራ ይጎብጣል። ከሥሩ "ማሳ በክረምት። ቦታው ያልታወቀ" ይላል። እሳቸው "ጽሑፍ የሚያነብ ሥዕል አያይም" ባይ ስለሆኑ አንብበውት አያውቁም።

በየካቲት ዳይሬክተራችን ማዳም ሶላንዥ፣ የአካባቢያችን ያልሆነ ሥዕል ሁሉ ወደ ከተማው መጋዘን እንዲሄድ ወሰኑ። ያም ሥዕል ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ማክሰኞ ሲመጡ፣ ያ የማሳ ሥዕል ሊሄድ ነው ብዬ ለሙሴ ኦኔዚም ነገርኳቸው።

"ማሳ? ማነው ማሳ ያለው? ዛፍ እንደ ቆራቢ ተሰልፎ የሚበቅልበት ማሳ የት አየሽ? ወንዛችን እኮ ነው! ውሃው በረዶ ሆኖ ሲጠና በላዩ ጥድ እየተከለ ወደ ማዶ የሚያሻግረውን መንገድ የሚያመለክተው አባቴ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ጥዶቹም አብረው ይሄዳሉ። ከእጁ ሥራ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።"

ማዳም ሶላንዥ ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። "ሙሴ፣ ባምንዎት ደስ ባለኝ። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።"

"መንገዱ እዚህ ጋ ለምን ጎበጠ?"

"እንጃ። ሠዓሊው እንዲያምርለት ይሆናል።"

"እንዲያምርለት! እዚያ ጋ ውሃው ስለሚፈጥን በረዶ አይይዝም። አባቴ ዞሮ ነው የተከለው። ይምጡ እስቲ!"

ወደ መስኮቱ ወሰዷቸው። ወንዙ ከዳር እዳር ነጭ ነው። በሥዕሉ ላይ ጥዶቹ በሸሹት በኩል ብቻ፣ ልክ እዚያው ቦታ፣ አንድ ጥቁር ውሃ እንፋሎቱን ይተፋል። ማዳም ሶላንዥ መስኮቱን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ደግሞ መስኮቱን። ከዚያ እርሳስ አውጥተው ከዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዙ።

"ይሄኛው ሠዓሊ" አሉ ሙሴ ኦኔዚም አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ "እግሩ በርዶታል።" ከአፋቸው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ያን ሥዕል አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅሁት እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ስለጠፋኝ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ የራሴን የዘበኛ ወንበር ሥዕሉ ፊት አስቀመጥኩላቸው። ተቀመጡ። "የክረምት መንገድ በወንዛችን ላይ" የሚለውን አዲስ ጽሑፍ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡት። አንድም ነገር ሳያርሙ ሲቆዩ አመማቸው እንዴ ብዬ ፈራሁ።

በመጨረሻ ቀና አሉና፣ "ልጄ፣ የዚህ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው" አሉኝ።

ተመስገን አልኩ በሆዴ። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥኩ።