አስፈቅዶ የማቃጠል ሥነ ምግባር

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይህ ተረት የተተረተው ሥነ ምግባር ወደ ጦር ሰፈር ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት። ሸማቂዎችን አሳዶ ሊይዝ ወደ አንዲት ደሴት የተሻገረው ጦር ባለቤቱን ሳይንቅ፣ እንዲያውም እጅ እየነሳ፣ አጥሩን ከነቤቱ አመድ የሚያደርግበትን ብልሃት አግኝቷል። ብልሃቱን ያፈለቀው የጦሩ የሥነ ምግባር መኮንን ሻምበል ጊዲዮን ዋሪ ነው።

ሻምበሉ ደግ ሰው ነበር፤ ማንም እንዳይጠራጠር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ቀድሞ ወታደሮቹ መንደር ሲገቡ ዝም ብለው ክብሪት ይጭሩ ነበር። እርሱ ከመጣ ወዲህ ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅና ስሜቱ ሳይደመጥ አንድም ጎጆ አልነደደም። የሚነደው ጎጆ አልቀነሰም፤ ጨዋነቱ ግን እጅግ ጨመረ።

ተራው ኦሪቫ ለሚባለው መንደር ደረሰ። ከመንገዱ በላይ ያለው የእማማ ሄለና ቤት፣ ሸማቂዎች ድንገት ቢመጡ ሊያስጠልላቸው ይችላል ተባለ። መጥተው አያውቁም፤ ሥነ ምግባር ግን አርቆ ያያል። ሻምበሉ መጀመሪያ የሴትዮዋን ወንድም ቢያስፈቅደው፣ በዚያ አገር መሬትም ቤትም የሴት ነውና፣ የእኔ ንብረት ይህ መጥረቢያ ብቻ ነው ብሎ ወደ እህቱ መራው።

እማማ ሄለና ደጃፏ ላይ ስኳር ድንች ትልጣለች። ከውስጥ የአራሷ ልጇ የአጋታ ጨቅላ ያለቅሳል። ሻምበሉ ስለ ሕዝብና ስለ ሠራዊት የማይበጠስ ፍቅር ረዘም ያለ ንግግር ካደረገ በኋላ ወደ ነገሩ ገባ።

«ስለዚህ እማማ፣ ቤትዎን በሙሉ ፈቃድዎ እንድናቃጥል እንጠይቃለን።»

«እምቢ ብልስ?»

«እምቢታዎንም በአክብሮት እንሰማለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናቃጥላለን።»

ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨቅላው አየት አደረገች። አንድ ድንች ልጣ ጨረሰች።

«እንግዲያው እሺ። ግን በእኛ ወግ ቤት አስፈቅዶ ያፈረሰ ሰው፣ ጣሪያው ተመልሶ እስኪቆም ባለቤቲቱን ከነዘመዶቿ ያበላል። ትቀበላለህ?»

ሻምበሉ ፊቱ በራ። መመሪያው የአካባቢውን ወግ አክብር ይላል፤ እስከዚያ ቀን ግን የሚያከብረው ወግ ያሳየው ሰው አልነበረም። ቡአይ የሚሉትን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ በምስክሮች ፊት አብሯት አኝኮ ተፋ፤ ቃሉም በዚያ ታሰረ። አጋታ ጨቅላውን አቅፋ ወጣች። ቤቱ ፍጹም ጨዋነት በተሞላበት ሁኔታ ነደደ።

በማግስቱ እማማ ሄለና የጦር ሰፈሩ በር ላይ ምንጣፏን ዘረጋች። ከኋላዋ አራሷ፣ ወንድሟ፣ አክስቶቿ፣ የአክስቶቿ ልጆች፣ ከነአማቾቻቸው። የወታደሩን ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ከመቅመሳቸው በፊት ለሻምበሉ ዕድሜና ጤና አጥብቀው ጸለዩ። ወሬው ተራራውን ተሻገረ። ከየመንደሩ የመጣ ሰው፣ የእኛንስ መቼ ነው የምታስፈቅዱን ይል ጀመር። ጣሪያው የሚያፈስበት አንድ ሽማግሌማ ክብሪቱንም ራሱ ይዞ መጣ።

አዛዡ ኮሎኔል ኬማ ሻምበሉን አስጠራው።

«እስከ መቼ ነው የሚበሉት?»

«ጣሪያ እስኪቆም ጌታዬ።»

«ታዲያ አቁምላታ!»

ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው የዘንባባ ቅጠል ሲሰፉ ሰነበቱ። አዲሱ ቤት ከፊተኛው አማረ። ሸማቂዎቹም ከተራራው ላይ ሆነው ሲያዩ፣ ጣሪያ በሚሰፋ ሰው ላይ መተኮሱን ነውር አድርገውት መሰለኝ፣ ጥይት ሳይሰማ ከረመ። አካባቢው ሰላም ሆነ፤ ይህም ዋና ከተማውን እጅግ አሳሰበ።

ትእዛዝ ወረደ። ሥነ ምግባር ከጠላት ጋር ማበሩ ስለተደረሰበት ማስፈቀድ ቀርቷል፤ የቆመውም ጣሪያ ይውረድ፤ ፈጻሚውም ሻምበሉ ራሱ ይሁን።

ሻምበሉ ጨቅላውን ታቅፋ ደጅ የተቀመጠችው እማማ ሄለና ፊት ቆመ።

«እማማ፣ ዛሬ አልጠይቅዎትም» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«ያን ቀንስ መቼ ጠየቅከኝ ልጄ? ነገርከኝ እንጂ። እኔ ነኝ እንደ ጥያቄ ቆጥሬ እሺ ያልኩህ።»

ጨቅላውን ለአጋታ ሰጥታ ተነሣች። ቤቱ ነደደ።

ሻምበል ጊዲዮን አሁን በዋና ከተማው የሥነ ምግባር ማሠልጠኛ ኃላፊ ነው። ለአዲስ መኮንኖች የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት አጭር ነው፦ ሰውን አትጠይቁ፤ እሺ ሊላችሁ ይችላል።