«አላውቅም» ያሉት መምህር

እናንተዬ፣ «አላውቅም» የሚል መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ እንጅባራ! ያን ጊዜ መምህር ማለት ጥያቄ ሲበዛበት አለንጋ የሚያነሳ ሰው ነበር። አዲሱ መምህራችን ግን አንዷ ተማሪ «ዘንገና ሐይቅ ወንዝ ሳይገባበት ለምን አይደርቅም?» ብትላቸው፣ «አላውቅም። እናንተስ ምን ይመስላችኋል?» አሉና ቁጭ ብለው ያዳምጡን ጀመር።

አገር ተሸበረ። «ደመወዝ እየበላ አላውቅም ይላል?» ተባለ። በዕድሜያቸው «አላውቅም» ብለው የማያውቁት አባቴ ፈረሳቸውን ጭነው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«የማያውቁ ከሆነ ልጄን ምን ሊያስተምሩልኝ ነው?»

«እውነትዎን ነው» አሉ መምህሩ። «እስኪ እርስዎ ያስረዱን፤ ለምን አይደርቅም?»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣራውን አዩ፤ እኛን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ስንመለስ ፈረሱ ላይ አፈናጠጡኝ። መንገዱ ሲጋመስ ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ሐሳቤን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ረስቼዋለሁ፤ ልጓሙን ሳብ አድርገው እስክጨርስ መጠበቃቸውን ግን አልረሳሁም።